ሬጌ በብሪታንያ ምድር እንዴት ጸደቀ?

አንድ አንባቢ የሚከተለውን ጥያቄ አቅርበዋል፦ «ሬጌ ከጃማይካ ወጥቶ እንግሊዝ አገር የተስፋፋው በቦብ ማርሌ ዝና ነው ወይስ ከእርሱ አስቀድመው እዚያ በኖሩት ስደተኞች? ስደተኛ ሙዚቀኞቹስ በተጨባጭ ምን ሠሩ? እኛ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለን?»

ጥያቄዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ሳልነጥል እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦብ ማርሌ ለንደን ላይ ስሙ ሲገን ሬጌ በዚያ አገር ከጸደቀ ቆይቶ ነበር። «ጸደቀ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት አስቤበት ነው። ችግኝ ከነበረበት ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል ቅጠሉ ለጥቂት ቀናት ለምለም ሊመስል ይችላል፤ ጸደቀ የምንለው ግን አዲሱን አፈር ይዞ፣ ሲመጣ ያልነበረውን ቅጠል ሲያወጣ ነው። ከኪንግስተን የመጣ ሸክላ ለንደን ውስጥ መሸጡ፣ ዝነኛ ዘፋኝም መጥቶ አዳራሽ ሞልቶ መመለሱ የመጀመሪያው ልምላሜ ነበር። ሙዚቃውን ያጸደቁት መጥተው የቀሩት ናቸው፦ ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ ትሮምቦን የሚነፉ፣ የድምፅ ማጉያ ሣጥን በእጃቸው የገጣጠሙ፣ ባንዱን ይዞ ለመጓዝ አቅም ያጣ ዘፋኝ ብቻውን ሲመጣ ዘፈኖቹን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥንተው ያጀቡ ሰዎች።

ታሪኩ ሬጌ የሚለው ስም ከመሰማቱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ይጀምራል። በ1948 አጋማሽ ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ደሴቶች ያሳፈረቻቸውን ከ800 በላይ ሰዎች ይዛ ከለንደን በታች ባለው በቲልበሪ ወደብ ስትደርስ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሎርድ ኪችነርና ሎርድ ቢጊነር የተባሉ የትሪኒዳድ ካሊፕሶ ዘፋኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፓርላማው በ1962 ባወጣው ሕግ መግቢያውን እስካጠበበ ድረስ ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስ፣ ከትሪኒዳድና ከሌሎቹ ደሴቶች ሰው በብዛት ገባ። አገሪቱ ከጦርነቱ በኋላ ለሆስፒታሎቿ፣ ለባቡሮቿና ለፋብሪካዎቿ የሰው ጉልበት ትፈልግ ነበር፤ ጉልበታቸውን የፈለገችው አገር ግን ቤት ለማከራየት ፈቃደኛ አልነበረችም። ክፍል ፍለጋ የወጣ ሰው ጥቁር እንደማይቀበሉ በግልጽ የሚናገሩ ማስታወቂያዎችን በየመስኮቱ እያነበበ ያልፍ ነበር፤ በብዙ የጭፈራ አዳራሾችም በር ላይ የሚጠብቀው መልስ ይኸው ነበር።

ይህ መገፋት ለሙዚቃው ታሪክ ቁልፍ ነው። ባንክ ብድር ሲነፍጋቸው ጃማይካውያኑ «ፓርድነር» በሚሉት ማኅበር ገንዘብ ማጠራቀም ጀመሩ፤ ይህም ከእኛ ዕቁብ ጋር አንድ ነው፤ በየሳምንቱ እኩል ያዋጣሉ፣ ጠቅላላው በተራ ለአንድ ሰው ይደርሳል። ብዙዎች የመጀመሪያ ቤታቸውን ቅድሚያ ክፍያ ያገኙት ከዚህ ነበር። እነዚያ ያረጁ የለንደን ቤቶች ደግሞ ምድር ቤት አላቸው። አዳራሽ የተነፈገ ሕዝብ የራሱን አዳራሽ በቤቱ ሥር ከፈተ፤ «ብሉዝ» የሚባለው የቅዳሜ ሌሊት ጭፈራም በዚህ ተወለደ።

ምሽቱ እንዲህ ነበር። የምድር ቤቱ ዕቃ በሙሉ ወጥቶ አንዲት ቀለም የተቀባች አምፖል ብቻ ትቀራለች። በጥጉ በኩል ቁም ሣጥን የሚያህሉ የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ አጠገባቸው የጋለ ቫልቭ ያለው ማጉያና አንድ የሸክላ ማጫወቻ ይቀመጣል። መግቢያው ላይ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላል፤ ወጥ ቤት ውስጥ በከሪ የተሠራ የፍየል ሥጋና ሩዝ፣ ሩምና ቢራ ይሸጣል። ቤዙ፣ ማለትም የሙዚቃው ወፍራም የታች ድምፅ፣ ሲጀምር ድምፁን ከጆሮ አስቀድሞ ደረት ይሰማዋል፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሰው ከግድግዳው ተጠግቶ ቦታውን ብዙም ሳይለቅ እስኪነጋ ይጨፍራል። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፤ ፖሊስም አንዳንዴ ማጉያውን ሰብሮ ይሄዳል። በሳምንቱ ጭፈራው እንደገና ይዘጋጃል።

የዚህ ዓይነቱን የድምፅ መሣሪያ፣ ማለትም ሳውንድ ሲስተምን፣ በብሪታንያ መጀመሪያ ያቋቋመው ዱክ ቪን የተባለ ጃማይካዊ ነው። ኪንግስተን ውስጥ ቶም ዘ ግሬት ሰባስቲያን ለሚባለው ታዋቂ ሳውንድ ሲስተም ሸክላ መራጭ ነበር፤ በ1954 ቲኬት ሳይኖረው በመርከብ ተደብቆ እንግሊዝ ገባና በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላድብሮክ ግሮቭ ውስጥ የራሱን መሣሪያ አቆመ። ጓደኛውና ተፎካካሪው ካውንት ሳክል በኋላ በካርናቢ ጎዳና ሮሪንግ ትዌንቲስ በተባለው ክለብ፣ ከዚያም በፓዲንግተን በራሱ ክለብ ያጫውት ነበር፤ ነጭ ወጣቶች የጃማይካን ሙዚቃ በአካል የሰሙትም መጀመሪያ በእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ነው። ሸክላ የሚያጫውት ሰው ሙዚቀኛ ሊባል ይገባዋል ወይ የሚል ክርክር አውቃለሁ። እኔ ያለማመንታት ይገባዋል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሙዚቃው የሚገባውን ድምፅ፣ በተለይም ቤዙ የሚፈልገውን ጉልበትና ጥልቀት፣ በዚያ አገር ላሉ ጆሮዎች ያስተማሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ቤት ውስጥ ባለች ትንሽ ሬዲዮ የተሰማ ሬጌ ግማሹ የጎደለ ሬጌ ነው።

ሳውንድ ሲስተሞቹ ሌላም ነገር አስከተሉ። እርስ በርስ ይፎካከሩ ስለነበር ሌላው ያልያዘውን ሸክላ ለማግኘት ይሻሙ ነበር፤ ከኪንግስተን የሚመጣው ግን ፍላጎቱን አልሞላም። ገበያውን የተረዳው ሜሎዲስክ የተባለ የለንደን አሳታሚ በ1960 ብሉ ቢት የሚል መለያ አወጣ፤ ስካ ለተባለው የጃማይካ ስልት እንግሊዞች ለዓመታት «ብሉ ቢት» ሲሉ የኖሩት ከዚህ መለያ የተነሳ ነው። ኩባ የተወለደውና ጃማይካ ያደገው ሎረል ኤትከን በዚያው ዓመት እንግሊዝ ገብቶ እዚያው መቅዳት ጀመረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው አገር ኖረ።

ከሁሉም ይልቅ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው በሰሜን ምዕራብ ለንደን ኪልበርን ውስጥ ያለ አንድ ሕንፃ ነው። ሶኒ ሮበርትስ የተባለ ጃማይካዊ አናጢ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ሕንፃ ምድር ቤት ፕላኔቶን የተባለ ስቱዲዮ ከፈተ፤ በብሪታንያ በጥቁር ሰው ባለቤትነት የተቋቋመ የመጀመሪያው ስቱዲዮ እንደሆነ ይነገርለታል። የሕንፃው ባለቤት ሊ ጎፕታል ደግሞ የሕንድ ዝርያ ያለው ጃማይካዊ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ከጃማይካ የመጣው ክሪስ ብላክዌል አይላንድ ለተባለው የሸክላ ኩባንያው ቢሮ ሲፈልግ በሮበርትስ አማላጅነት እዚያው ሕንፃ ገባ። የሙዚቃውን ንግድ በዚህ አጋጣሚ ያወቀው ጎፕታል ሸክላ ቤቶች ከፈተ፤ በ1968ም ከአይላንድ ጋር ሆኖ ትሮጃን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ሬጌን በብሪታንያ የሕዝብ ሙዚቃ ያደረጉትን ሸክላዎች ብዙዎቹን ያወጣው ይህ ኩባንያ ነው። የቦብ ማርሌን አልበሞች ለዓለም ያዳረሰው አይላንድም ሆነ ትሮጃን፣ ሁለቱም በአንድ ስደተኛ አናጢ ምድር ቤት በኩል አልፈዋል ማለት ነው።

በፕላኔቶን ሸክላ ካስቀረጹት አንዱ ትሮምቦን ተጫዋቹ ሪኮ ሮድሪጌዝ ነበር። በዚያ ካወጣቸው ዜማዎች የአንደኛው ርዕስ «እኩለ ሌሊት በኢትዮጵያ» የሚል መሆኑን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ ከኪንግስተን በላይ ባሉት የዋሬካ ኮረብታዎች ከራስ ተፈሪያኑ ከበሮ መቺ ካውንት ኦሲ ጋር የተጫወተ ሰው፣ በለንደን ብርድ ውስጥ ሆኖ የአገራችንን ስም ይዞ ነበር። ሪኮ ሙዚቃ የተማረው የካቶሊክ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት በአልፋ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝ የገባው በ1961 ሲሆን ትሮምቦኑ ብቻውን እንጀራ ስላልሆነለት ለዓመታት የቀን ሥራ እየሠራ ኖሯል።

ተማሪዎቼን ስለ መጽደቅ ሳስተምር ሁለት ቅጂዎችን አከታትዬ አሰማቸዋለሁ። የመጀመሪያው በ1967 ለንደን ውስጥ የተቀዳው የዳንዲ ሊቪንግስተን ዘፈን ነው፤ መረን የለቀቀ የከተማ ጎረምሳን የሚመክር ነው። ዳንዲ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከጃማይካ የመጣ ልጅ ነበር። ሁለተኛው ያንኑ ዘፈን ዘ ስፔሻልስ የተባለው የኮቨንትሪ ባንድ በ1979 እንደገና የተጫወተው ነው፤ በዚህ ባንድ ውስጥ ጃማይካ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ ጥቁሮችና የእንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ነጭ ልጆች አብረው ነበሩ። በሁለቱም ቅጂዎች መግቢያ ላይ የሚሰማው ትሮምቦን የአንድ ሰው፣ የሪኮ፣ ነው። በመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት አለ። ትሮምቦኑ አይቸኩልም፤ ድምፁን ትንሽ ወደ ኋላ ጎትቶ፣ ከምቱ ዘግየት ብሎ ይገባል፤ ወጣቶቹም ያንን መዘግየት ተከትለው መጫወትን ከእርሱ ይማራሉ። ሪኮ ቢመለስ ኖሮ ስፔሻልሶች ሸክላውን ሰምተው መኮረጃቸው አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን አጠገባቸው ቆሞ የሚነፋ ሰው አያገኙም ነበር።

እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ ነው። ዘፋኙና የዜማ ደራሲው ጃኪ ኤድዋርድስ በ1962 ከብላክዌል ጋር ለንደን መጥቶ የጻፋቸው ሁለት ዘፈኖች ስፔንሰር ዴቪስ ግሩፕ በተባለው የእንግሊዝ ባንድ ተዘፍነው በ1966 በብሪታንያ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነዋል፤ አድማጩ ከኋላቸው ጃማይካዊ ደራሲ እንዳለ አላወቀም። ሚሊ ስሞል በ1964 እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያደረሰችውን ዝነኛ ዘፈኗን ለንደን ውስጥ ያቀናበረላት ጃማይካዊው ጊታር ተጫዋች ኧርነስት ራንግሊን ነው። ዴዝመንድ ዴከር በ1969 በሬጌ የብሪታንያን ሰንጠረዥ አንደኛነት ሲይዝ፣ ዘፈኑ የተቀዳው ኪንግስተን ቢሆንም፣ ለአሥራ አራት ዓመታት በምድር ቤቶች የተዘጋጀ ገበያና ጆሮ ይጠብቀው ነበር።

አሁን ወደ አጃቢ ባንዶቹ ልምጣ፤ ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሬጌ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ አራት ምት፣ ሁለት ወይም ሦስት ኮርድ። ሲጫወቱት ግን የምዕራቡ ዳንስ ሙዚቃ የሚደገፍበትን የመጀመሪያውን ምት ከበሮው ባዶ ይተወዋል፤ ዋናው የከበሮ ምት የሚወርደው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ጊታሩና ፒያኖው በምቶቹ መካከል አጭር ቁራጭ ድምፅ እየሰጡ ያልፋሉ፤ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ነው። ጎበዝ የጃዝ ወይም የሮክ ተጫዋች ኖታውን በትክክል አንብቦ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል፤ ሲሞላው ደግሞ ሙዚቃው ይሞታል። ባዶውን እንደ ባዶ መጠበቅ በጆሮና በአካል የሚለመድ ነገር ነው፤ እርሱንም የተማሩት በብሉዝ ጭፈራዎቹ ያደጉት የስደተኛ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ በሃርልስደን ሰፈር በ1967 የተቋቋመው ዘ ሲማሮንስ፣ ከጃማይካ በልጅነታቸው የመጡ ወጣቶች ባንድ፣ ለሬጌ በብሪታንያ መቆም የሠራው ሥራ ከማንም ኮከብ አያንስም። ከኪንግስተን ሙሉ ባንድ ማስመጣት ውድ ስለነበር ዘፋኙ ብቻውን ይመጣል፤ አጃቢዎቹ ደግሞ እነርሱ ወይም እንደነርሱ ያሉት ነበሩ። ዛሬ ጂሚ ክሊፍን፣ ነገ ሌላውን ማጀብ ማለት የኪንግስተንን ስቱዲዮዎች ስልት አንድ በአንድ ማጥናት ነው። አጃቢነት ስም አያስገኝም፤ የሚያስገኘው ትምህርት ግን በየትኛውም የሙዚቃ ትምህርት ቤት አይገኝም። ከዓመታት በኋላ፣ በ1977፣ ጃማይካዊው ዘፋኝ በርኒንግ ስፒር ለንደን ሬይንቦው ቲያትር ሲቆም ያጀቡት አስዋድ የተባለው ባንድ ልጆች ከላድብሮክ ግሮቭ ነበሩ፤ ያ ምሽት አልበም ሆኖ ወጥቷል፤ ያዳመጠው ሰው የባንዱን ለንደናዊነት ካልተነገረው አይለየውም።

ሆኖም ትልቁ እንቅፋት ከነጮቹ ብቻ አልመጣም። ስደተኛው ማኅበረሰብ ራሱ ከጃማይካ ያልመጣ ሬጌ ሬጌ አይደለም ይል ነበር፤ ሸክላ ገዢው መለያው ላይ ኪንግስተን የሚል ካላየ ይመልሰዋል። ይህን በጥበብ ያለፈው ዴኒስ ቦቬል ነው። ባርቤዶስ ተወልዶ በ1965 በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለንደን የገባው ቦቬል ማቱምቢ በተባለው ባንድ ጊታር ይጫወታል፣ የራሱንም ሳውንድ ሲስተም ያጫውታል፣ ድምፅም ይቀርጻል። እርሱና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ የቀዱትን ሙዚቃ ፎርዝ ስትሪት ኦርኬስትራ በሚል ስም፣ ከጃማይካ የመጣ አስመስለው አወጡት፤ «የለንደን ነው» ሲባል የማይገዛው ሰው ሁሉ ወዶ ገዛው። ቦቬል ግን ዋጋ ከፍሏል። በ1974 ክሪክልዉድ ውስጥ በካሪብ ክለብ ሲያጫውት ፖሊስ ክለቡን ወርሮ በተነሳው ግርግር ተከሶ ተፈረደበት፤ ይግባኙ ተሰምቶ ነጻ እስኪወጣ ድረስ ስድስት ወር ታስሯል። ሳውንድ ሲስተም ማጫወት በዚያ ዘመን ምን ያህል አደጋ እንደነበረው ለሚጠይቀኝ ይህን እጠቅሳለሁ።

አስመስሎ መሥራት ግን ገና መጽደቅ አይደለም፤ እንዲያውም የጽድቀቱን ቀን በትክክል ንገረኝ ብባል ጣቴን የማሳርፈው በ1975 ነው። በዚያ ዓመት ሉዊዛ ማርክ የተባለች የለንደን ተማሪ ልጅ፣ ማቱምቢ እያጀባት፣ ሎይድ ኮክሰን በተባለው የሳውንድ ሲስተም ባለቤት አዘጋጅነት አንድ የፍቅር ዘፈን ተጫወተች። ቤዙ የሬጌ ነው፤ ድምፁ ግን የልጃገረድ፣ ለስላሳ፣ ከአሜሪካ ሶል የተማረ ነው። ከዚህ የተነሳው ስልት በደቡብ ለንደን ከተቋቋመ የሸክላ መለያ ስሙን ወስዶ «ላቨርስ ሮክ» ተባለ፤ የኪንግስተን ሬጌ ስለ መከራና ስለ ነጻነት አጥብቆ በሚናገርበት ጊዜ፣ እነዚህ የነርሶችና የአውቶቡስ ነጂዎች ሴት ልጆች ስለራሳቸው ልብ በራሳቸው አነጋገር ዘፈኑ። ቦቬል የደረሰውንና ያቀናበረውን ዘፈን ጃኔት ኬይ በ1979 ይዛ ሰንጠረዡ ላይ ሁለተኛ ደረሰች፤ በዘፈኑ ውስጥ ወደ ላይ የምትወጣባትን ያቺን እጅግ ቀጭን ድምፅ ዛሬም ብሪታንያ ውስጥ በካሪቢያን ቤተሰብ ሠርግ ላይ ሴቶቹ ሁሉ አብረው ይሞክሯታል። ይህ ቅጠል ከጃማይካ የመጣ አልነበረም፤ የበቀለው እዚያው ነው።

ወንዶቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። በበርሚንግሃም ሃንድስዎርዝ ሰፈር በ1975 የተመሠረተው ስቲል ፐልስ ራስ ተፈሪያዊነቱን በግልጽ ስለያዘ የካሪቢያኖቹ ክለቦች ራሳቸው መድረክ ነፈጉት፤ በሩን የከፈቱለት ፐንክ የተባለው ሻካራ የሮክ ስልት ክለቦች ነበሩ። የጃማይካ ስደተኞች ልጅ የሆነው ዶን ሌትስ በ1977 በሮክሲ ክለብ ለፐንክ ወጣቶች ሬጌ ያጫውት ነበርና ጆሮው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። የስቲል ፐልስ የ1978 አልበም ርዕሱን ከሰፈሩ ስም መውሰዱ ትርጉም አለው፤ ኪንግስተንን አልናፈቁም፤ የቆሙበትን መሬት ስም ጠርተዋል። የሳውዝሆሉ ሚስቲ ኢን ሩትስም እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ዩቢ ፎርቲን የመሳሰሉ ባንዶች ሬጌን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገቡበትን ዘመን፣ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝመውም።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ማከል ይገባኛል። እነዚህ ወጣቶች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሰው የዘፈኑላት ኢትዮጵያ ለእነርሱ የመጽሐፍ ቅዱስ አገር ብቻ አልነበረችም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ የስደት ዓመታታቸውን ያሳለፉት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ነው፤ የኖሩበት ቤትም ዛሬ ራስ ተፈሪያን የሚጎበኙት ቦታ ነው። በባዕድ አገር ብርድ ውስጥ በስደት የሚኖር ንጉሥ ታሪክ፣ በዚያው አገር ቤት የተነፈጉ ሰዎች ልጆች ዘንድ ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የአባትና የልጅ ቅብብሎሹን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን ፍሬዲ ዌይት ነው። ጃማይካ ውስጥ ዘ ቴክኒክስ በተባለው የድምፅ ቡድን ይዘፍን የነበረው ይህ ሰው በርሚንግሃም ሠፍሮ ሁለት ልጆቹንና የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውን ባንድ አደረጋቸው፤ መጀመሪያ ራሱ እየዘፈነላቸው ነበር፤ በኋላ ግን ማይክሮፎኑን ለልጅ አሳልፎ ሰጠ። ልጆቹ ሚዩዚካል ዩዝ ናቸው፤ በ1982 በብሪታንያ አንደኛ ወጥተው ሸክላቸው በሚሊዮን ተሸጧል። አባትየው የኪንግስተንን የድምፅ አወራረድ በሳሎን ውስጥ ያስረከበው ለራሱ ልጆች ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በደቡብ ለንደን ሉዊሻም ሳክሶን በተባለው ሳውንድ ሲስተም ያደገው ፓፓ ሊቫይ በራሱ ፈጣን የለንደን አነጋገር የተቀዳ ሸክላ ይዞ ጃማይካ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ወጣ። ዱክ ቪን በመርከብ ተደብቆ ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የተተከለው ዘር ወደመጣበት አገር መሸጥ ጀመረ ማለት ነው።

ታዲያ የቦብ ማርሌ ድርሻ ምን ነበር? በ1973 በአይላንድ የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የተጠናቀቀው ለንደን ውስጥ ነው፤ በ1975 በለንደኑ ሊሲየም አዳራሽ ያቀረበው ትርዒት፣ በ1977ም ከጥቃት አምልጦ ለንደን ተቀምጦ የሠራው አልበም ሬጌን ለዓለም ሁሉ አደረሱ። የእርሱን ታላቅነት ለመቀነስ ፈጽሞ አልሻም። ነገር ግን ያሳተመው ኩባንያ፣ ያደመጡት ጆሮዎች፣ መድረኩን ከእርሱ በፊት የሞሉት ባንዶች ሁሉ ተዘጋጅተው ነው ያገኛቸው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ድርሻ አለን ወይ የሚል ነው። አለን፤ ቦታው ግን ከብሪታንያ ይልቅ አሜሪካ፣ ቺካጎ ነው። ዳሎል የተባለው ባንድ አባላት ከአገር ወጥተው በቺካጎ የሠፈሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው ዘለቀ ገሠሠና ባልደረቦቹ በ1986 በሪግሊ ስታዲየም አካባቢ ዋይልድ ሄር የተባለውን የሬጌ ክለብ ከፈቱ። ክለቡ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል በዚያ ቦታ ሲሠራ፣ ከጃማይካ የሚመጡ ዘፋኞች የሚያርፉበት፣ የከተማዋም ወጣት ሬጌን በአካል የሚሰማበት ቤት ነበር፤ ዱክ ቪንና ካውንት ሳክል ለለንደን የሠሩትን እነርሱ ለቺካጎ ሠርተዋል። ዚጊ ማርሌና እህት ወንድሞቹ የ1988ቱን አልበማቸውን ሲቀዱ አጃቢ አድርገው የመረጡት ዳሎልን ነው፤ አልበሙም በ1989 በሬጌ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ። የቦብ ማርሌ ልጆች ያን የመሰለውን ሥራ ሲሠሩ ከኋላቸው ያለው ባዶ ምት እንዲጠበቅላቸው ያመኑት ከአዲስ አበባ ሙዚቃ ውስጥ የወጡትን ልጆች ነበር፤ አልበሙን ሲያገኙ ቤዙንና ኪቦርዱን ለብቻ እየለዩ ቢያዳምጡት የምለው በደንብ ይሰማዎታል።